ሮበርት ጌርና የተሰነጠቀው ከረጢት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ የደረሰ መንገደኛ የፎገራን ሜዳ ስፋት ሳያደንቅ አያልፍም። ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከደጋው አፈር እየጠረጉ ወርደው ያነጠፉት ይህ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ፣ ኋላም በሩዙ ስሙ የተጠራ ነው። በዚሁ በወረታ አካባቢ ከሚገኙት ቀበሌዎች አንዱ ቁሐር ሚካኤል ይባላል። በሚካኤል ዕለት ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ዕቃቸውን አንጥፈው ከመንገዱ ዳር ይጠብቋቸዋል።

እኛም አንድ ጊዜ ከነዚህ ልጆች አጠገብ ቆመን የሁለቱን ሥራ ስናስተያይ ቆይተናል። ሁለቱም ቆሏቸውን የሚጠቀልሉት ከአሮጌ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ነው። አንደኛው ልጅ ወረቀቱን እንዲያው በእጁ ይቀደዋል፤ ቅዱ ስለሚጣመም አንዱ ቁራጭ ከሚፈለገው በላይ ትልቅ፣ ሌላው ደግሞ ቆሎ የማይዝ ትንሽ ይሆንበታል፤ ትንሹንም ይጥለዋል። ሁለተኛው ልጅ ግን አስቀድሞ ወረቀቱን እኩል ያጥፈዋል፤ እጥፋቱን በጥፍሩ ያሰምርበታል፤ ከዚያ በኋላ ሲቀደው ሁለት እኩል ቁራጮች ያገኛል። ከአንዱ ደብተር የሚያወጣው መጠቅለያ ከጓደኛው እጥፍ ያህል ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ወረቀት ስለሚያጥረው ራሱ ያገኘው ብልሐት ነው።

ይህ ለሚያልፈው ሰው ጥቂት ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በማጠፍና በመቁረጥ መካከል ያለውን ዝምድና ያስተዋለ አንድ ሰው የዓለምን ንግድ መልክ እንደ ለወጠ ብንናገር ማጋነን አይሆንብንም። ይህ ሰው ሮበርት ጌር ይባላል። ዛሬ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ መድኃኒት፣ ብስኩት የምንገዛበት ያ ስስ የካርቶን ሳጥን በብዛትና በርካሽ ሊሠራ የቻለው በእርሱ ብልሐት ነው። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን እንተርካለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከኤዲንበርግ እስከ ኒው ዮርክ

ሮበርት ጌር በ1839 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ ተወለደ። በዚያ ዘመን ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ብዙ ሕዝብ እንጀራ ፍለጋ በመርከብ እየተሳፈረ ወደ አሜሪካ ይሰደድ ነበር። ጌርም በ1853፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከነዚሁ ስደተኞች እንደ አንዱ ሁኖ ኒው ዮርክ ገባ። ዕድሜው ለትምህርት ቤት እንጂ ለሥራ ያልደረሰ ቢሆንም በስደት አገር የሚኖር ልጅ ይህን መምረጥ የሚችል አልነበረም።

በ1861 በአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ክፍላተ ሀገር የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጌር ለሰሜኑ ወገን ተሰልፎ ዘመተ። ከዘመቻውም በሕይወት ተመልሶ በ1864 በኒው ዮርክ ከተማ የወረቀት ንግድ አቋቋመ። ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነበር። አንባቢዎቻችን ዘመኑን ከራሳችን ታሪክ ጋር ለማገናኘት ቢፈልጉ፣ ይህ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ከወረታ በስተ ምሥራቅ ባለችው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የእጅ ባለ ሙያዎችን ሰብስበው ያሠሩበት ዘመን ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በ1867 በጋፋት ሲሠራ ጌር በኒው ዮርክ የወረቀት ከረጢት ይሸጥ ነበር።

የጌር ሥራ ከፍ ያለ ክብር የሚያሰጥ አልነበረም። ለባለ ሱቆች፣ ለዱቄት ነጋዴዎችና ለዘር ሻጮች የወረቀት ከረጢት መሥራትና በላዩ ላይ የነጋዴውን ስም ማተም ነበር። የጨርቅ ከረጢት በጦርነቱ ምክንያት ጥጥ ስለ ተወደደ ዋጋው ንሮ ስለ ነበር፣ የወረቀት ከረጢት ፈላጊ በየቀኑ ይበዛ ነበር። ጌርም ለ15 ዓመት ያህል ወረቀት ሲቆርጥ፣ ሲያጥፍ፣ ሲያጣብቅና ሲያትም ቆየ። የወረቀትን ጠባይ፣ የት እንደሚሰበርና የት እንደሚለመጥ፣ ባለ መሬት የእርሻውን አፈር እንደሚያውቅ አድርጎ ዐወቀ። ይህን 15 ዓመት አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ ለሚመጣው ነገር ቁልፉ ይኸው ነውና።

ሳጥን በእጅ በሚሠራበት ዘመን

በዚያን ጊዜ የካርቶን ሳጥን ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። የጌጣጌጥ ነጋዴዎችና መድኃኒት ቀማሚዎች ዕቃቸውን በካርቶን ሳጥን አድርገው ይሸጡ ነበር። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው። ሠራተኛው ወፍራሙን ወረቀት ዘርግቶ በማስመሪያ ይለካዋል፤ የሚታጠፍበትን ቦታ በስለት ጫፍ ወይም በደነዘ ብረት በእጁ ያሰምራል፤ ከዚያ በኋላ ዙሪያውንና ማዕዘኑን በመቀስ ወይም በቢላዋ ይቆርጣል። አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዘዋወራል። በየዝውውሩም ጥቂት ጥቂት እየተዛነፈ፣ ማጠፊያው መስመርና የተቆረጠው ጠርዝ አይገጥሙም።

ሁለተኛውም ችግር ከዚህ የማይተናነስ ነበር። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ታጥፎና ተጣብቆ ከቆመ በኋላ መልሶ አይታጠፍም። ስለዚህ ሳጥን ሠሪው ለነጋዴው ሺህ ሳጥን ሲልክ የሚልከው ሺህ ባዶ ሳጥን ነው፤ ይህ ማለት ጋሪ ሙሉ አየር ጭኖ መሄድ ማለት ነው። ለአየሩ የጋሪ ኪራይ ይከፈላል፤ ለአየሩ መጋዘን ይሠራል። በዚህ ምክንያት የካርቶን ሳጥን ዋጋ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ለወርቅ ቀለበት እንጂ ለአንድ ሳንቲም ብስኩት የሚታሰብ አልነበረም። ድኻው ሕዝብ ብስኩቱን፣ ስኳሩንና ሻዩን የሚገዛው ከተከፈተ በርሜል ላይ በእፍኝ እየተዘገነ ነው። በርሜሉ ውስጥ አቧራ ይገባል፤ አይጥ ይገባል፤ እርጥበትም ይገባል።

በ1879 የሆነው ስሕተት

በ1879 በጌር ማተሚያ ቤት የዘር ከረጢቶች እየታተሙ ነበር። በማተሚያው መኪና ላይ ከፊደሎቹ ጋር አብሮ የተገጠመ አንድ ቀጭን የብረት ሰሌዳ አለ። ይህ ብረት የከረጢቱን ማጠፊያ መስመር ለማስመር ብቻ የተቀመጠ ስለ ነበር፣ ወረቀቱን እንዲጫነው እንጂ እንዲቆርጠው አልታሰበም። ነገር ግን ብረቱ ከተገጠመበት ቦታ ተንሸራትቶ ስለ ነበር፣ መኪናው በተጫነ ቁጥር ወረቀቱን እንደ ስለት ይሰነጥቀው ጀመር። ነገሩ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ከረጢት ተበላሸ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። በዓለም ላይ ባሉ ማተሚያ ቤቶች ሁሉ ብረት ከቦታው ሲንሸራተት የመጀመሪያው አልነበረም። ከጌር በፊትም፣ ከጌር በኋላም፣ ብዙ ባለቤቶች የተሰነጠቀ ወረቀት አይተዋል። አብዛኞቹ የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ጥፋተኛውን ይፈልጋሉ፣ ኪሳራውን ከደመወዙ ላይ ይቆርጣሉ፣ የተበላሸውን ይጥላሉ፣ ብረቱን ወደ ቦታው መልሰው ሥራውን ይቀጥላሉ። ጌር ግን የተሰነጠቀውን ከረጢት በእጁ ይዞ ሌላ ነገር አየበት። ብረቱ ከፍ ሲል ከቆረጠ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ካሰመረ፣ ከፍና ዝቅ ያሉ ብረቶች በአንድ ሰሌዳ ላይ ቢደረደሩ መኪናው በአንድ ግፊት ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ መቁረጥ አንድ ሥራ፣ ማስመር ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ሁለቱ አንድ ሆኑ።

ያን ጊዜ ጌር 40 ዓመቱ ነበር። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩ ዕድል ነው ይሉታል። እኛ ግን እንደዚያ አይመስለንም። ዕድልማ የቀናው ብረቱ ለተንሸራተተበት ሠራተኛም ነው፤ እርሱም ከረጢቱን አይቶታል። ልዩነቱ ጌር ለ15 ዓመት ከዚያው ወረቀት ጋር ሲታገል ኖሮ፣ በእጅ ሳጥን መሥራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅና ምን ያህል ወረቀት እንደሚያባክን በዝርዝር የሚያውቅ መሆኑ ነው። ጥያቄው አስቀድሞ በልቡ ስለ ነበር፣ መልሱ በስሕተት መልክ ሲመጣ ሊያውቀው ቻለ።

ብልሐቱ እንዴት እንደሚሠራ

አሁን ነገሩን በሚገባ ለመረዳት እንሞክር። በአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓይነት ቀጫጭን ብረቶች ይሰካሉ። አንደኛው ዓይነት የተሳለና ቁመቱ ከፍ ያለ ነው፤ ይህ ወረቀቱን ይቆርጣል። ሁለተኛው ጫፉ የደነዘና ቁመቱ በጥቂቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህ ደግሞ ወረቀቱን ሳይቆርጥ ተጭኖ ቦይ ያበጅለታል፤ ካርቶኑም በቦዩ ላይ በቀላሉ ይታጠፋል። ብረቶቹ የሚደረደሩት ሳጥኑ ተፈትቶ ቢዘረጋ በሚኖረው መልክ ነው። ወረቀቱ ከሰሌዳው በታች ገብቶ ሲጫን፣ ዙሪያው ተቆርጦ፣ ማጠፊያው ተሰምሮ፣ ለማጠፍ የተዘጋጀ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሁኖ ይወጣል።

ጌር አንድ አሮጌ የማተሚያ መኪና ገዝቶ ለዚህ ሥራ እንዲመች አድርጎ ለወጠው። መኪናው በሰዓት 750 ሉህ ወረቀት ይቆርጥ ነበር፤ ከእያንዳንዱም ሉህ 10 ሳጥን ስለሚወጣ በሰዓት 7,500 ሳጥን ማለት ነው። ሳጥን በእጅ የሚሠሩ ሰዎች ስንት ቀን ይፈጅባቸው የነበረውን መኪናው በአንድ ሰዓት ጨረሰው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ደግሞ የሚበልጥ ጥቅም ነበረው። ቁራጮቹ ጠፍጣፎች ስለ ሆኑ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተደራረቡ ይጓዛሉ። ቀድሞ አንድ ጋሪ ይሞላ የነበረው ባዶ ሳጥን አሁን በአንድ እስር ይጠቀለላል። አጥፎ የሚያቆመው ዕቃውን የሚያሽገው ፋብሪካ ነው። እንግዲህ ጌር ሳጥንን ከማርከሱም በላይ አየር መጫንን አስቀረ። ነጋዴዎችም ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ የሻይ፣ የትምባሆና የሳሙና ፋብሪካዎች ከደንበኞቹ መካከል ሆኑ።

ከአንድ ሉህ ስንት ይወጣል

በሉህ ላይ የቁራጮች አደላደል እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ሙያ ዋና ፈተና ነው። ተማሪዎቻችን እንዲያሰሉት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ቁመቱ 100፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሉህ አለን እንበል፤ ሳጥኑ ተዘርግቶ 24 በ32 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ባለ 24ቱን ጐን በ100ው በኩል ብናደርገው 4 ጊዜ ይገባል፤ ባለ 32ቱም በ70ው በኩል 2 ጊዜ ይገባል፤ በጠቅላላው 8 ሳጥን እናገኛለን። አዙረን ብናስቀምጠው ግን በ100ው በኩል 3፣ በ70ው በኩል 2 ብቻ ይሆንና 6 ሳጥን ይወጣል። ወረቀቱ ያው ነው፤ መኪናው ያው ነው፤ ሠራተኛውም ያው ነው። ለ24,000 ሳጥን ግን በመጀመሪያው አደላደል 3,000 ሉህ ሲበቃን፣ በሁለተኛው 4,000 ሉህ ያስፈልገናል። አንድ ሺህ ሉህ የጠፋው በሰነፍ እጅ አይደለም፤ ሳይታሰብ በተሠመረ መስመር ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ወረቀት እንደ እንጨት ክር ያለው መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ከክሩ ጋር ሲታጠፍ እሺ ይላል፤ ክሩን አቋርጦ ሲታጠፍ ግን ይሰነጠቃል ወይም ይጎብጣል። ስለዚህ ብዙ ቁራጭ የሚያወጣው አደላደል ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ከሁሉም የሚሻለው ሁለቱን አስማምቶ የሚያገኝ ነው።

ከጌር በኋላም ሙያው ብዙ ተሻሽሏል። ብረቶቹ ዛሬ የሚሰኩት ከተጣበቀ ጣውላ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ ቀድሞ በመጋዝ ይበሳ የነበረው ቀዳዳ አሁን በሌዘር ብርሃን ይቆረጣል። ከስለቱ አጠገብ ጎማ ይለጠፋል፤ ጎማውም ሲጫን ተጨምቆ፣ ሲለቀቅ ወረቀቱን ከስለቱ ላይ ገፍቶ ያላቅቀዋል። ቁራጮቹ በመኪናው ውስጥ እንዳይበታተኑ በስለቱ ላይ ጥቃቅን ክፍተቶች ይተዋሉ፤ በነዚያም ክፍተቶች ወረቀቱ ሳይቆረጥ ተያይዞ ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ ትርፉ ተራግፎ ይለያል። እንዲያውም ያለ ሰሌዳ፣ በኮምፒውተር በሚመራ ቢላዋ ጥቂት ቁራጮችን መቁረጥ የሚቻልበት ዘመን ደርሷል። የሁሉም መሠረት ግን ያው የ1879 ሐሳብ ነው፤ አንዱ ብረት ከፍ ይላል፣ ሌላው ዝቅ ይላል።

ቡናና ብስኩት

በ1880ዎቹ መጨረሻ ጌር ፋብሪካውን ከኒው ዮርክ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ብሩክሊን አዛወረ። ወደዚያ የሳበው በጌር ዓመት የተወለደው የቡና ነጋዴ ጆን አርበክል ነው። አርበክል ቡና ቆልቶ በአንድ አንድ ፓውንድ የወረቀት ከረጢት እያሸገ በመላው አሜሪካ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ከእርሱ በፊት አሜሪካዊ ቡናውን ጥሬውን ገዝቶ በየቤቱ ይቆላ ነበር፤ ልክ እንደ እኛ እናቶች ማለት ነው። ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ የመጨረሻዎቹን እርምጃዎች የተራመደው በወረቀት ከረጢት ውስጥ መሆኑን ስናስብ፣ ዕቃውን ያበቀለና መያዣውን የሠራ ትርፉን እኩል እንዳልተካፈሉ ልብ ሳንል ልናልፈው አንችልም።

በ1898 በአሜሪካ ብዙ የብስኩት ፋብሪካዎች ተዋሕደው ናሽናል ቢስኪት ካምፓኒ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው ዩኒዳ የተባለውን ብስኩት ከበርሜል አውጥቶ፣ በሰም በተነከረ ወረቀት ጠቅልሎ፣ በካርቶን ሳጥን አሽጎ ለመሸጥ ቆረጠ። ለሳጥኑም ወደ ጌር ሄደ። የታዘዘው ሳጥን 2 ሚሊዮን ነበር። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በመቀስና በማስመሪያ መፈጸም የማይታሰብ ነው። ጌር ያን ጊዜ ወደ 60 ዓመት ተጠግቶ ነበር፤ ስሕተቱ ከሆነ 20 ዓመት ያህል አልፎታል።

ከዚህ ወዲህ የንግድ ሥርዓት ተለወጠ። ቀድሞ ገዢው የሚያምነው ባለ ሱቁን ነበር፤ ከበርሜሉ የሚዘግንለት እርሱ ነውና። አሁን ግን በሳጥኑ ላይ የታተመውን ስም ማመን ጀመረ። ስሙን ያተመ ፋብሪካ ደግሞ ዕቃው ቢበላሽ ማን እንዳበላሸው ስለሚታወቅ መጠንቀቅ ግድ ሆነበት። እንግዲህ ሳጥኑ ዕቃን ከአቧራ ብቻ ሳይሆን፣ ነጋዴንም ከኃላፊነት እንዳያመልጥ የሚጠብቅ ሆነ።

የጌር ሀብት እየጨመረ ሲሄድ በብሩክሊን ድልድይ አጠገብ ብዙ ትላልቅ ሕንፃዎች አሠራ። በ1904 የተሠራለት ፋብሪካ ብረት ባዘለ ሲሚንቶ የቆመ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ በአሜሪካ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ሕንፃዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ወረቀት የሚከማችበት ቤት በእሳት አደጋ ላይ ስለሚኖር፣ እንጨት ትቶ ሲሚንቶ መምረጡ የጠቢብ ሰው ሥራ ነበር። አካባቢው ከጊዜ በኋላ በስሙ ጌርቪል እስከ መባል ደረሰ። ሮበርት ጌር በ1927 በ88 ዓመቱ ዐረፈ። ድርጅቱ በ1956 ኮንቲኔንታል ካን ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ካሠራቸው ሕንፃዎች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ ካርቶን ይቆረጥባቸው በነበሩት ፎቆች ውስጥ አሁን ሰው ይኖርባቸዋል።

ያልተመዘገበው ዕዳ

የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ስንጽፍ ጥቅሙን ብቻ ቆጥረን ጉዳቱን ብንሸሽግ ለአንባቢዎቻችን ታማኞች አንሆንም። የጌር መኪና በሰዓት 7,500 ሳጥን ሲያወጣ፣ ሳጥን በእጃቸው እየሠሩ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ሙያ ዋጋው ወደቀ። ከዚህም በቀር ርካሽ የሆነ መያዣ ይጣላል። ውድ የነበረውን ሳጥን ባለቤቱ ለልጁ ያወርሰው ነበር፤ ርካሹን ግን ዕቃውን አውጥቶ ወደ ደጅ ይወረውረዋል። ካርቶን እንኳ ቢሆን ይበሰብሳል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፕላስቲክ ግን አይበሰብስም፤ ዛሬ በየከተሞቻችን ጎዳናና በየቦዩ የምናየው ፌስታል ለዚህ ምስክር ነው።

በዚህ ነገር አባቶቻችን የሚያስተምሩን አላቸው። የፎገራ ሜዳ የከብት አገር እንደ መሆኑ ቆዳ በአካባቢው አልጠፋም። ቆዳ ሠሪው ቆዳውን ወጥሮ ካደረቀና ካለፋ በኋላ ለመጽሐፍ ማኅደር፣ ለእህል አቁማዳ፣ ለስንቅ አገልግል ይቆርጠዋል። ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት ቆዳውን አገላብጦ ያያል፤ ቀዳዳውን የት እንደሚተው፣ ትልቁን ቁራጭ ከየት እንደሚያወጣ ያስባል። ከዳር የተረፈውም አይጣልም፤ ጠፍርና ማንገቻ ይሆናል። ይህ ሰው መኪና አልነበረውም እንጂ ጌር ያሰበውን ያስብ ነበር። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ባለ ሙያ ለብዙ ዘመን ስንንቀው ኖርን። ኤዲንበርግ የተወለደው ልጅ ከረጢት በመሥራቱ አልተናቀም፤ ለዚህ ነው ከረጢቱን አሻሽሎ ለሌላው ለመትረፍ የቻለው። የተናቀ ሙያ ደግሞ አይሻሻልም፤ የሚችለው ሁሉ ይሸሸዋልና።

ይህ ነገር እኛን ምን አገባን

አንዳንድ ወጣት አንባቢዎቻችን ይህ የሩቅ አገር ሰው ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ በወረታ ገበያ ይገኛል። ሩዝ በፎገራ ከተዘራ ግማሽ ምዕት ዓመት የሚጠጋ ዘመን ሆኖታል፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው አካባቢ ነው፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሟል። ገበሬው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያመረተው ይህ ሩዝ ግን በብዛት የሚጓዘው ማዳበሪያ በምንለው ጆንያ ተሞልቶ ነው። በከተማ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሩዝ ስሙና ክብደቱ ታትሞበት፣ አምሮ ተሽጎ ይጠብቀናል። ገዢው የፎገራን ሩዝ በስሙ ሊጠራው ካልቻለ፣ ጥሩ ቢሆን ሊያመሰግነው፣ መጥፎ ቢሆን ሊወቅሰው አይችልም። ስም የሌለው ዕቃ ዋጋውን የሚቆርጥለት ሌላ ሰው ነው።

መያዣውን ከውጭ እያስመጡ መሙላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ትርፉ ተመልሶ ወደ መያዣው ሠሪ ይሄዳልና። እንግዲህ ሩዙን ከማምረት ጋር አብሮ መያዣውን መንደፍ፣ ሉሁን መደልደል፣ ስለቱን መግጠም የሚያውቁ ወጣቶች ያስፈልጋሉ። ይህ ሙያ ከፍ ያለ ማዕረግ አያሰጥ ይሆናል፤ ከአንድ ሉህ 6 ሳይሆን 8 ሳጥን ማውጣት ግን ለአገር የሚቆጠር ሀብት ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበታለን። በየመሥሪያ ቤቱ ብረት መንሸራተቱ አይቀርም። ደብዳቤ ይሳሳታል፤ ሒሳብ ይዛነፋል፤ ዕቅድ ከታሰበው ውጭ ይሆናል። እኛም በሥራችን ተሳስተን የተበላሸውን ወረቀት አለቃ ሳያይብን በመሳቢያ ውስጥ የሸሸግንበት ቀን አለ፤ ዛሬ ስናስበው የምናፍረው በስሕተቱ አይደለም፤ መልሰን ሳናየው በመጣላችን ነው። ሠራተኛው ስሕተቱን የሚሸሽገው ቅጣት ስለሚፈራ ነው፤ ስሕተት በተሸሸገበት ቤት ደግሞ ከስሕተት የሚማር አይኖርም። በጌር ማተሚያ ቤት የተሰነጠቁት ከረጢቶች ተቃጥለው ወይም ተሸሽገው ቢሆን ኖሮ፣ ባለቤቱ ለማየት ባልቻለ ነበር። ስለዚህ አለቃ የሆነ ሰው የተሰነጠቀውን ከረጢት ይዞ የሚመጣበትን ሠራተኛ ከመቆጣቱ በፊት ከረጢቱን ተቀብሎ ይመልከተው። ሠራተኛውም ሳይፈራ ይዞት ይምጣ።

በቁሐር ሚካኤል መንገድ ዳር ወረቀቱን አጥፎ የሚቀደው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወሰነው በእርሱ ብልሐት ብቻ አይደለም። የምናስተምረውና የምንቀጥረው እኛ ነን። ያን ልጅ ቆሎ ሻጭ ብለን ካለፍነው ብልሐቱ ከቆሎው ጋር ያልቃል። ቆም ብለን እጁን ካየን ግን፣ የፎገራን ሩዝ በስሙ አሽጎ የሚያወጣው እርሱ ሊሆን ይችላል።